ሌባ የከፈተው ታሪክ

ባለፈው ሳምንት የግቢዬ ቁልፍ ጠፍቶብኝ ውጭ ቀረሁ። የአዳማን ፀሐይ ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ለሽበት ጥላ አትሰጥም። ጎረቤቴ ቁልፍ ሠሪ ጠራልኝ። ሰውዬው ከሞተሩ ወርዶ ጓጉንቸሩን ገልበጥ አድርጎ አየው፣ አንዲት ሽቦ አስገባ፣ ነቅነቅ አደረጋት፣ በሩ ተከፈተ። እኔ ገና የቱ ጋ እንደጠፋብኝ እያስረዳሁት ነበር። "ይሄን ያህል ቀላል ነው እንዴ?" አልኩት። "እማማ፣ የሚያስቸግረው እንደ እርስዎ ያለውን ደህና ሰው ብቻ ነው" ብሎኝ ሄደ።

ገብቼ ተቀመጥኩና ጀማልን አሰብኩት። ስለ ጀማል አላወራኋችሁም አይደል? ስለ እህቴ ስለ ጽጌም አላወራኋችሁም። እንግዲህ ጊዜ ካላችሁ ተቀመጡ። ጨዋታው ደስ የሚል ነው አልላችሁም።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት ስዊድን ነው። ሥራዬ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ መጻሕፍት መደርደር ነበር። ሰው የማይመጣበት ቦታ ስለሆነ እየደረደርኩ አነባለሁ። ያላነበብኩት የለም ብል ውሸቴ ትንሽ ነው። የተመለስኩት ግን አገር ናፍቆኝ አይደለም፣ እሱን ዘፈን ውስጥ ፈልጉት። የተመለስኩት እህቴን ስኳር ዓይኗን ወስዶባት፣ ኩላሊቷንም ጀምሮባት፣ የሚያስታምማት ስለጠፋ ነው።

ጽጌ እዚሁ አዳማ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። የከተማው ባጃጅ ነጂ ግማሹ በእሷ ማስመሪያ የተቀጣ ነው። አሁንም ሲያዩዋት ፍጥነት ይቀንሳሉ። ዓይኗ ከጠፋ በኋላ የጎደላት ንባብ ብቻ ነበር። እኔ አላነበብኩላትም እንዳትሉ። አነበብኩላት። በሦስተኛው ቀን፣ "ሙሉ፣ ተዪው እባክሽ። አንቺ ስታነቢ መጽሐፉን ፍርድ ቤት ያቆምሽው ይመስላል" አለችኝ። እውነቷን ነው። መጥፎ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመኝ ድምፄን መቆጣጠር አልችልም።

ስለዚህ በስልክ የሚደመጥ ታሪክ ገዛሁላት። ታሪኩን የሚናገሩት አቶ ደሬሳ የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ሰውዬው ጽሕፈት ላይ የሉበትም። አሳታሚው አቶ ግዛቸው መቅረጫ ይዞ ቤታቸው ድረስ ሄደ፣ እሳቸው እያወሩ እሱ ቀረጸ። አማርኛቸው መሀል ኦሮምኛቸው ይገባል፣ ኦሮምኛቸው መሀል የባቡሩ ፈረንሳይኛ ይገባል፣ ሁሉም ግን ይገባችኋል። ሥራው ገበያ ሳይወጣ አረፉ። አንዲት ገጽ በወረቀት ላይ የለችም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ታሪኩ ይሄ ነው። አንዲት ሴት ባሏ ወደሚሠራበት ለመሄድ ባቡር ትሳፈራለች። ማንበብ አትችልም። ሌላ ጣቢያ ላይ ትወርዳለች። ባቡሩ ይሄዳል። ባልየው ዕድሜውን ሁሉ በሐዲዱ ላይ ከጣቢያ ጣቢያ ይፈልጋታል። እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ጣቢያ ነው። ሞጆ አለ፣ ናዝሬት አለ፣ ወለንጪቲ አለ፣ መተሐራ አለ። በየጣቢያው አንድ ሰው አይቻታለሁ ይለዋል። በየጣቢያው የታየችው ሴት ሌላ ናት።

ጽጌ በቀን አንድ ምዕራፍ ብቻ ትሰማለች። እንዳያልቅባት። ከሰማች በኋላ ስልኩን ደረቷ ላይ ታስቀምጥና፣ "ያገኛት ይሆን?" ትለኛለች። "አያገኛትም" እላታለሁ። "አንቺ ምን ታውቂያለሽ?" "እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስንት አንብቤያለሁ። አያገኟቸውም።" "ያንቺዎቹ ፈረንጆች ናቸው። ደሬሳ የባቡር ሰው ነው። የባቡር ሰው የተሳፈረውን ያደርሳል" ትለኛለች። ለሌላ በሽተኛ ተስፋው ሐኪሙ ነው። የእሷ ተስፋ ይሄ ሰውዬ ነበር። ሐኪሙማ ጨርሶልናል፣ መድኃኒቱን ቀንሶ ትሕትናውን ጨምሯል።

አሁን ወደ ቁልፉ ልምጣ። አቶ ግዛቸው ታሪኩን እንዲሁ አልሸጠውም። ቆልፎ ነው የሸጠው። ስልኩ በተከፈተ ቁጥር የሆነ አገር ያለ ኮምፒዩተር ይጠይቃል። "ይህቺ ሴትዮ ከፍላለች?" ይለዋል። "ከፍላለች" ሲለው ይከፍታል። ይሄንን የሠራለት አንድ ባለሙያ ነው። ሠርቶ ሲጨርስ ያለውን ቅጂ ሁሉ ቆለፈው። ግዛቸው በቢሮው ያስቀረው ያልተቆለፈ ቅጂ ነበረው። እሱን አንድ ቀን የአዳማ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከነኮምፒዩተሩ ጠበሰው። ግዛቸው አልደነገጠም። ቁልፉ አለኝ አለ።

ጀማልን እዚህ ጋ አስገቡት። ጀማል መናኸሪያው በር ላይ ሰማያዊ ኮንቴይነር ውስጥ ስልክ ይጠግናል፣ ፊልምና ዘፈን ይጭናል። የጽጌ ተማሪ ነበር። የደሬሳን ታሪክ ቁልፍ ሰብሮ፣ እነሱ ክራክ የሚሉትን አድርጎ፣ በሜሞሪ ካርድ ለሹፌሩም ለሽንኩርት ነጋዴውም ጫነለት። ከመቂ እስከ ዝዋይ ያለ አይሱዙ ሁሉ አቶ ደሬሳን እያስወራ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ጀማልን ያስጨንቀዋል። ምን መሰላችሁ? ሌባ። የጎረቤት ጫኚዎች ከእሱ ቀድተው ይሸጡበታል። ስለዚህ እንደ ሁሉም ጫኚዎች የራሱን ድምፅ ታሪኩ መሀል መሀል ላይ ሰካ። "ጀማል ሞባይል! መናኸሪያ በር ላይ! አካም ጅርቱ!" ብሎ፣ በኦሮምኛ ደህና ናችሁ እያለ፣ ይጮሃል። ቆርጠው እንዳያወጡት ደግሞ ወሳኝ ወሳኝ ቦታ እየመረጠ ነው የሚሰካው። ከሥሩ ያለውን ንግግር አጥፍቶ በቦታው የራሱን ያስገባል። ሰውዬው ሚስቱን ያያት መስሎት ሲሮጥ፣ ጀማል ሞባይል። ቢላዋ ሲመዘዝበት፣ ጀማል ሞባይል። የመጨረሻዋ ንግግር ላይም ሰክቷል። ሰውዬው የአንድ ግቢ በር ያንኳኳል፣ ከውስጥ "ማነው?" የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ከዚያ ጀማል ሞባይል፣ ከዚያ ሙዚቃ። መናኸሪያው ለሁለት ተከፍሎ ነበር አሉ። ግማሹ አግኝቷታል ይላል። ግማሹ ጀማልን ነው ያገኘው ይላል።

ጽጌ ይሄንን አልገዛችም። "ተማሪዬ በስርቆት ሲበላ አግዤ አላጎርሰውም" ብላ ከግዛቸው ነው ያስገዛችኝ። ሕጋዊ ሰው ነበረች።

ግዛቸው ከሰሰ። ጀማል ታሰረ። ጻድቅ ነበር አልላችሁም። የሰው ሥራ ሸጧል፣ የአቶ ደሬሳ ልጆችም አንድ ሳንቲም ከእሱ አላዩም። ከግዛቸውም ስንት እንዳዩ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ብቻ ጀማል ታስሮ፣ ኮንቴይነሩ ታሽጎ፣ ላፕቶፑና ፍላሾቹ ኤግዚቢት ሆነው ተያዙ። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ዕቃዎቹ ንብረትህ ነው ተብለው ለግዛቸው ተሰጡት። ጀማል ከስቶ ወጣ፣ ሁለተኛ የተቆለፈ ነገር እንዳይነካ ፈረመ። አሁን እዚያው ኮንቴይነር ውስጥ ቻርጀርና የስልክ መስታወት ይሸጣል።

ጽጌ የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀራት ስልኩ አልከፍትም አለ። ስልኩ ይጠይቃል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒዩተር አይመልስም። ለካ ባለሙያው አገር ለቆ ሄዷል፣ ኮምፒዩተሩን የሚያኖርበትም ኪራይ ተቋርጧል። ከፍላለች ብሎ የሚመሰክርላት ጠፋ። ስልኩን እየደጋገመች ትነካዋለች። "እየፈለገ ነው" ይላታል በዚያ በብረት ድምፁ። "እየፈለገ ነው።" እሷ አልጋው ላይ፣ ሰውዬው በር ላይ፣ ሁሉም እየፈለገ ነው።

ግዛቸው ዘንድ ሄድኩ። ፎቅ ላይ ነው፣ ቬንትሌተር አለው። "እትዬ፣ በጣም አዝናለሁ፤ ቁልፉን እኔም መክፈት አልችልም" አለኝ።

"የራስህን ዕቃ?"

"የራሴን ዕቃ።"

"የሚከፍት ሰው ታውቃለህ። ራስህ ነህ ያሳሰርከው።"

"እሱን ክፈትልኝ ብለው ዓቃቤ ሕጉ ነገ ምን ይለኛል? ለምን አሳሰርከው አይለኝም?"

ይሄን ሲል አላፈረም። ያፈረው እኔን ሻይ ሳይጋብዘኝ በመቅረቱ ነው።

ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው የሰማ ሕጋዊ ገዢ ፈልጌ ነበር። ሁለት አገኘሁ። አንደኛው ሰውዬ ሁልጊዜ እየሰማ እንቅልፍ እንደሚወስደው ነገረኝ። ሁለተኛዋ ሴትዮ፣ "አግኝቷታል፣ ግን ለካ እህቱ ናት፣ ከዚያ እናትየው መርዝ ሰጠቻቸው" አለችኝ። የቱርክ ድራማ ቀላቅላበት ነው።

ጀማል ዘንድም ሄድኩ። አይቶኝ ተነሳ፣ በርጩማውን በክንዱ ጠራርጎ አስቀመጠኝ። ስልኩን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሁለት እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ቆመ። እንደ ትኩስ ብረት ነው የፈራው።

"እትዬ ሙሉ፣ ወላሂ ብችል ለቲቸር በነፃ ነበር የምከፍተው። ፈርሜያለሁ። እናቴ ሁለተኛ እስር ቤት ምሳ ማመላለስ አትችልም።"

"እህቴ እየሞተች ነው፣ ጀማል።"

አንገቱን ደፋ። ቤት መጥቼ ለጽጌ ስነግራት የተቆጣችው እኔን ነው። "ልጁን ለሁለተኛ ጊዜ ልታሳስሪው ነው? እኔ ነኝ ጠይቂልኝ ያልኩሽ?" አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ስለ ታሪኩ ሁለተኛ አላነሳችም። መድኃኒቷን መዋጥ ግን እየረሳች ሄደች። ነገር የምትረሳ ሴት አልነበረችም።

ጥቂት ወር ቆይቶ ግዛቸው አዲስ እትም አወጣ። "የተሻሻለ፣ ጥራቱን የጠበቀ" ይላል ማስታወቂያው። ድጋሚ ግዙ ማለት ነው። ገዛሁ። ጽጌ ከትራስ ቀና ብላ ተደገፈች። "ከመተሐራ ጀምሪልኝ፣ እንዳያመልጠኝ" አለች። ጀመርን። አቶ ደሬሳ ያንን እንደ ከሰል ባቡር የሚተነፍስ ድምፃቸውን ለቀቁት። ሰውዬው በረሃ ውስጥ አንዲት ሴት ከሩቅ ያያል። መሮጥ ይጀምራል። ይሮጣል፣ ይሮጣል፣

"ጀማል ሞባይል! መናኸሪያ በር ላይ! አካም ጅርቱ!"

ጽጌ ሳቀች። ስንት ጊዜዋ ነው ሳትስቅ! "የራሴ ተማሪ! ይሄ 'ረ'ን ከጉሮሮው የሚያወጣ ልጅ። አራተኛ ክፍል እያለ ሰልፍ ላይ የሚጮኸው እሱ ነበር" አለች።

እኔ አልሳቅኩም። ገባኝ። ግዛቸው የጀማልን ፍላሽ ከኤግዚቢት ተረክቦ፣ የጀማልን ድምፅ አንድ ባንድ አስቆርጦ፣ በተሰበረው ታሪክ ላይ አዲስ ቁልፍ ገጥሞ ለእኛ ሸጦልናል። አንዷ ጩኸት አምልጣው ነው እንጂ ማን ያውቅ ነበር? ልጁን ያሰረበትን ቀዳዳ እሱ መግቢያ በር አደረገው።

ጽጌ ግን ሌላ ነገር ነው የጨነቃት። "ወደ መጨረሻው እለፊ" አለች። አለፍኩ። ሰውዬው ሐዲዱን ትቶ ወደ ሐይቆቹ መንገድ ይታጠፋል። ዓለም ጤና ከተማ ውስጥ ሽንኩርት የምትነግድ ሴት አለች ብለውታል። ግቢውን ያገኛል። የቆርቆሮ በር ነው። ያንኳኳል። ከውስጥ "ማነው?" የሚል ድምፅ ይመጣል። ሙዚቃ። አለቀ።

ጀማል የመጨረሻዋን ንግግር አጥፍቶ ድምፁን ሰካባት፣ ግዛቸው የጀማልን ድምፅ ቆርጦ ጣለ። ለሁለት ተባብረው የሰውዬውን ሚስት ቀበሯት።

ጽጌ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ሙዚቃው እስኪያልቅ ጠበቀች። ካለቀ በኋላም ጠበቀች። "ምን አለ መሰለሽ?" አለችኝ በመጨረሻ። የማላውቀውን ነገር ስትጠይቀኝ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው።

ጎረቤታችን ጠበቃ ነው። በአጥር ላይ ጠየቅኩት። ሕግ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል ብዬ ነው፤ ትክክል ከሆነ እሱ ይመሰገን።

"ቁልፍ የሰበረ ጥፋተኛ ነው፤ ባለመብቱ ካልፈቀደለት" አለኝ።

"ጀማል አልተፈቀደለትም።"

"ጥፋተኛ ነው።"

"ግዛቸው ያንኑ የተሰበረውን ሲሸጥስ?"

"ባለመብት ነው። የራሱን ነው የሸጠው።"

"የከፈተው ግን ጀማል ነው። የልጁ ድካም የት ይግባ?"

"ከጥፋት የተገኘ ድካም ዋጋ የለውም፣ እትዬ።"

"ዋጋ ከሌለው እኔ ምን ከፍዬ ገዛሁ?"

ልብስ ማስጣት እንደቀረው ትዝ አለውና ገባ።

ተመልሼ ፎቅ ወጣሁ። አሁን ሻይ አስመጣልኝ። ግዛቸው ሞኝ አይደለም። "እትዬ ሙሉ፣ ሌባ ከቤትዎ ቴሌቪዥን ሰርቆ ፖሊስ ቢመልስልዎ፣ ሌባው የነካው ነው ብለው ይጥሉታል?" አለኝ።

"አልጥለውም። ግን ሌባው በጠገነልኝ ቴሌቪዥን ላይ የራሴን ስም ለጥፌ አልሸጥም። ከሸጥኩም ሌባውን ሌባ ማለት ይከብደኛል።"

"እኔ አይከብደኝም" አለ። ቢያንስ ግልጽ ነው። "እንግዲያው እህቴ ስልክ ላይ ያለውን የመጀመሪያውን እትም ጀማል እንዲከፍት ፈቃድ ጻፍለት፤ ባለመብቱ አንተ ነህ፤ እውነተኛው መጨረሻ እዚያ ውስጥ ነው" አልኩት። እንኳን ለመጻፍ እስክሪብቶውን ለመንካት አልፈለገም። የትናንቱ ስብራት ንብረቱ ነው። የዛሬው ወንጀል ነው። ስንት የሥነ ምግባር መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ይሄን ያህል አጥርቶ ያስቀመጠልኝ የለም።

ሻዩን ሳልጨርስ ወረድኩ። ያለኝ አቅም ያ ነበር።

ጀማል ራሱ መጣ። ወሬውን ሰምቷል። አንድ ትልቅ የመቂ ፓፓያ በፌስታል ይዞ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ጽጌ በዚያን ጊዜ እጇ እንደ ወረቀት ሆኗል። እጇን ሲጨብጣት አወቀችው።

"ጀማል ሞባይል" አለችው።

"አቤት ቲቸር" አለ። ምን ይበል?

"የመጨረሻው ላይ የጮህከው አንተ ነህ። ስለዚህ ሰምተኸዋል። አገኛት?"

አየኝ። እኔ ዞር አልኩ። "አግኝቷታል፣ ቲቸር" አለ።

"ንገረኝ።"

ከዚያ ጀመረ። "እንግዲህ ከውስጥ 'ማነው?' ትላለች። 'እኔ ነኝ' ይላታል። 'እኔ የሚባል ሰው አላውቅም፣ ስም የለህም?' ትለዋለች። ስሙን ይነግራታል። ከዚያ ዝም ትላለች። እሱም ዝም ይላል። ከዚያ፣ 'ቆየኝ እንግዲህ፣ እሳት ላይ የጣድኩት ሽንኩርት እንዳያርርብኝ' ትለዋለች። እና በሩ ላይ ይቆማል። ሽንኩርቱ ሲንጫጫ ይሰማዋል። በቃ። ቆሞ ይጠብቃታል።"

"አትከፍትለትም?"

"ቲቸር፣ ሽንኩርቱ ሲደርስ ትከፍትለታለች።"

ጽጌ ፊቷን ወደ ጀማል አዞረች። የመጣላት ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም። ከንፈሯ ግን ተንቀሳቀሰ። "አቶ ደሬሳ በሕይወቱ ሽንኩርት አቁላልቶ አያውቅም። በሃያ ስንት ምዕራፍ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ምግብ ሲበላ አልሰማሁም። ይሄንን ከየት ሰረቅከው?"

ጀማል ላብ አጠመቀው። "ከየትም፣ ቲቸር። እኔ ታሪኩን አልሰማሁትም። ድምፄን የሰካሁት ኮምፒዩተሩ ላይ የድምፁን መስመር እያየሁ ነው። ንግግሩ የሚያበቃበትን ብቻ ነው የማየው። ወላሂ አላውቅም ምን እንዳለ።"

"እንግዲያው የራስህ ነው።"

"መሰለኝ።"

"መጥፎ አይደለም" አለች። እሷ በዕድሜዋ ለማንም ተማሪ ከዚህ በላይ ብላ አታውቅም። "የመጀመሪያ ንብረትህ ነው። እንዳይሰርቁህ።"

በዚያው ሳምንት አረፈች። ስለ ሰውዬው ሁለተኛ አልጠየቀችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከቀትር በኋላ፣ ነቅታ፣ "ደረሰ?" አለችኝ። ሰውዬውን ይሁን ሽንኩርቱን አልጠየቅኳትም። "ደርሷል" አልኳት።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ይህችው የሽንኩርቱ ወሬ ወጣች። ባጃጅ ነጂዎቹ ጀማልን ከበው ያስወሩታል። የመናኸሪያው ጥል ተፈታ፤ አግኝቷታል የሚሉት አሸነፉ። ግዛቸውም ሊያስተዛዝን መጥቶ ነበር፤ ከኋላ ተቀምጦ ሰማ። ገዢዎቹ መጨረሻው የለም ብለው አስቸግረውታል። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ይዞ መጣ፤ በሐዘን ቤት ቂም አይያዝም ተባለ፤ ሁለቱን አስነስተው ትከሻ ለትከሻ አሳሳሟቸው። ማን እምቢ ይላል? እኔ እምቢ እል ነበር፣ ማንም አልጠየቀኝም። ግዛቸው ለጀማል፣ "የሽንኩርቱን ነገር በድምፅህ ቅረጽልኝና ፊርማህ እንዲነሳልህ ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ" አለው። ጀማል ሄዶ ቀረጸ።

ሦስተኛው እትም ወጣ። አቶ ደሬሳ እስከ "ማነው?" ድረስ ይናገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ጀማል ነው። የጀማል ስም ግን የትም የለም። ሽፋኑ ላይ "በባለቤቱ የተሟላ" ይላል። ቁልፉ ደግሞ አዲስ ነው፤ ውጭ ካለ ድርጅት የተገዛ፣ ጠንካራ። ደብዳቤው? ጀማል ፎቁን እየወጣ ይጠይቃል፤ ነገ ይሉታል። ፊርማው እንዳለ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ቁልፍ ሠሪው ከሄደ በኋላ፣ መናኸሪያ ወረድኩና ጀማልን አየሁት። አንዲት ደንበኛ ስልኳን ይዛ ቆማለች። የደሬሳ ታሪክ ሽንኩርቱ ጋ ሲደርስ እየተዘጋባት ነው። "አንተ የተናገርከው አይደል? ክፈትልኝ" ትለዋለች። ጀማል ሁለት እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ቆሟል። "የተቆለፈ ነገር አልነካም፣ እህቴ" ይላታል። በሕይወቱ አንድ ያልሰረቀው ነገር ያቺ የሽንኩርቱ ጨዋታ ናት። እሷን ከፈተ ማለት ተመልሶ እስር ቤት ገባ ማለት ነው።

የጽጌ አሮጌ ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የአቶ ደሬሳ እውነተኛ መጨረሻ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሙሉ ነው፤ ማንም አልነካውም። አንዳንዴ ቻርጅ አደርገውና እከፍተዋለሁ። "እየፈለገ ነው" ይለኛል።

ዕድሜዬን ሙሉ በሕግ የኖርኩ ሰው ነኝ። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አንድ ቀን አሳልፌ መልሼ አላውቅም። አሁን ግን አንድ ሌባ እፈልጋለሁ። ጥሩ ሌባ፤ ያልፈረመ፤ እናት የሌለችው። የምታውቁ ካላችሁ ላኩልኝ። በሩን አንኳኩቶ ይጠብቅ፤ የጠፋብኝን የግቢ ቁልፍ ፈልጌ ሳገኝ እከፍትለታለሁ።